እናቴ ያላለችው መስመር

ቀን 4፣ ሰኞ

ዛሬ ብርጭቆ ሰበርኩ። ድሮ ቢሆን እናቴ "ዓይንህን የት ጥለኸው ነው?" ብላ ሰፈሩን ሁሉ ታሰማ ነበር። ዛሬ ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን ለቀመችና "አልቆረጠህም?" አለችኝ፤ በቃ። የእንግዳ ልጅ የሰበረ ነው የሚመስለው።

ጋሼ ከሞተ ሦስት ወር ከአንድ ሳምንት ሆነው። ጋሼ የምለው ወንድሜን ነው። በሦስት ዓመት ብቻ ነው የሚበልጠኝ፤ ለማብሸቅ ያወጣሁለት ስም በዚያው ቀረ። በእነዚህ ሦስት ወራት እናቴ አንድ ቀን እንኳ አልጮኸችብኝም። ሰው ደስ ሊለው ይገባል። እኔ ግን አላመንኳትም።

ቀን 5፣ ማክሰኞ

በቤተ ክርስቲያናችን የእናቶችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የምትመራው ሴትዮ ሌላ ከተማ ስለሄደች ሴቶቹ እናቴን መረጧት። ሰው መሃል ትዋል ብለው ይሆናል። በየሐሙሱ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ እናት ይዛ ታስተምራለች። ችግሩ እናቴ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ቀስ ብላ ታነባለች፤ መጻፍ ግን አይሆንላትም። ስለዚህ ጸሐፊዋ እኔ ሆኛለሁ።

አሠራራችን እንዲህ ነው፦ እሷ ስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ። እያሰበች እያለ መኪናው ይሮጣል። ነገሩ ሲበስልላት ፔዳሉን ትለቅና ትናገራለች። እኔ በትልልቅ ፊደል እጽፋለሁ፤ በጣቷ እየተከተለች ስለምታነብ ጠባብ ጽሕፈት ያስቸግራታል። እኔ የጻፍኩትን እንደወረደ ነው የምታነበው።

የመጀመሪያዋ ሐና ናት። ልጅ አጥታ አልቅሳ ለመነች፤ ሲሰጣት መልሳ ለእግዚአብሔር ሰጠችው፤ ትንሽ ልጅ ሳለ ወስዳ ቤተ መቅደስ ተወችው።

"ልጅን መስጠት እምነት ነው ብለህ ጻፍ።"

ጻፍኩ።

"ቆይ። 'አንዳንድ ጊዜ' የሚል ጨምርበት።"

ጨመርኩ። ቀና ስል እያየችኝ ነበር። ወዲያው መኪናውን አስነሳችው።

ቀን 7፣ ሐሙስ

ወንበር መደርደር የእኔ ሥራ ነው። ጥናቱ ሲጀመር ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጀርባ ያለችው ዕቃ ቤት ገብቼ እጠብቃለሁ፤ በሯ ስለማይገጥም ሁሉም ይሰማል። መስማት አልፈልግም ብል ውሸት ነው።

እናቴ ጥሩ አነበበች። ጎረቤታችን ነርሷ ከፊት ተቀምጣ ራሷን ትነቀንቃለች። ሲያበቃ ሴቶቹ በሩ አጠገብ ቆመው፦

"ይቺ ሴት ጠንካራ ናት፤ እኔ ብሆን አልጋ ላይ ነበርኩ።"

"ምን ጠንካራ ናት፣ አጥንቷ ቀርቷል እኮ። ትልቁ ቀኝ እጇ ነበር። ትንሹ ደግሞ..."

አንድ ወንበር ከእጄ አመለጠኝ። ዝም አሉ። ትንሹ ደግሞ ምን?

ቀን 8፣ አርብ

ክፍል ውስጥ። መምህሩ እስኪመጣ።

ጋሼ የሞተ ቀን ሊያደርስ ይዞት በነበረው ጥቅል ውስጥ እናቴ የሰፋችው ሠላሳ ሁለት ሸሚዝ ነበር። የዚህ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ። እናቴ በኋላ ሁሉንም እንደገና አጥባ፣ ተኩሳ አስረከበች። ማን የትኛውን እንደለበሰ አይታወቅም። እኔ ግን ኮሌታ ሳይ ነው የምውለው። ፊቴ የሚቀመጠው ልጅ፣ ወሬ ስለማይቋጥር ራዲዮ ነው የምንለው፣ እጅጌው ላይ ግራጫ ነገር አለ። የአስፋልት ነው? የእርሳስ ነው?

"ምን ታፈጥብኛለህ? ወደድከኝ እንዴ?" ብሎ ዞረ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ቀን 10፣ እሑድ

ስለዚያ ቀን እዚህ አልጽፍም ብዬ ነበር። ግማሹን ልጻፍ።

ቅዳሜ ነበር። የማድረስ ተራው የእኔ ነው። ሸሚዙ የሚሄደው ወደ እኔው ትምህርት ቤት ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ማጠናከሪያ ስላለ ግቢው ሙሉ ነው፤ የክፍላችን ሴት ልጆችም አሉ። እኔ ሆዴን አመመኝ አልኩ። እናቴ ነርሷን ጠራቻት። ነርሷ ሆዴን እየተጫነች "እዚህ ያምሃል? እዚህስ?" አለችኝ። ሁሉም ቦታ ያመኛል አልኳት። ወደ እናቴ ዞረችና ፈገግ አለች። "ንፋስ ነው፤ ይተኛ" አለች።

ጋሼ ከጠዋት ሌላ ጥቅል አድርሶ ገና መመለሱ ነበር። ጫማውን እንኳ አላወለቀም። "ተኛ አንተ ሙሽራ" ብሎ ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ ወረወረና ጥቅሉን ብስክሌቱ ላይ አሰረ። አደባባዩ ጋ የጭነት መኪና አገኘው።

ሌላው ግማሽ እዚያው ሆዴ ውስጥ ይቆይ።

አሁን የማስበው ስለዚያች ፈገግታ ነው። ነርሷ ያወቀችው ነገር አለ። ካወቀች ለእናቴ ነግራታለች። በአንድ ግድግዳ የሚኖሩ ሴቶች ምን ይደባበቃሉ? ነግራት ከሆነ እናቴ ለምን ዝም አለች?

ቀን 12፣ ማክሰኞ

የሙሴ እናት። እናቴ ከሁሉ የገረማት የቅርጫቱ ነገር ነው። "ውኃ እንዳያስገባ እያንዳንዷን ስንጥቅ እየደፈነች እንዴት እጇ አልተንቀጠቀጠም?" አለች፤ ለእኔ አይደለም፣ ለመርፌው።

ከዚያ ፔዳሉን ለቀቀች።

"ልጇን ከቤት ያወጣችው ስለጠላችው አይደለም ብለህ ጻፍ። አጠገቧ ብታቆየው ይጠፋ ነበር።"

ጻፍኩ። ሁለት ትምህርት፣ ሁለት ከቤት የወጣ ልጅ። አጋጣሚ ነው?

"እማ፣ ልጃቸውን ያላወጡ እናቶች የሉም እንዴ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ?"

መኪናው ተነሳ። አንድ ሙሉ ሱሪ ሰፍታ እስክትጨርስ አላቆመችም።

ቀን 14፣ ሐሙስ

የጋሼ ግራጫ ጃኬት ከምስማሩ ላይ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም።

"እጥበት ላይ ነው" አለችኝ።

ገመዱን አየሁ። ሁለት ፎጣና የነርሷ ካልሲ።

ቀን 16፣ ቅዳሜ

አጎቴ መጣ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ የቀን መንገድ ርቆ የመኪና ዕቃ ይሸጣል፤ ልጅ የለውም። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እኛ ቤት ሲገባ እንደ አለቃ ነው የሚገባው። አገጬን ይዞ ወደ መብራቱ አዞረኝ።

"ከሳህ።"

"ቁመት እየጨመርኩ ነው።"

"እኔ ጋ ብትሆን ወርድም ትጨምር ነበር" ብሎ ብቻውን ሳቀ።

ሳሙና ግዛ ብለው ላኩኝ። ሳሙና ቤት ውስጥ አለ። ስለዚህ ሮጬ ገዝቼ የስፌት ክፍሉ መስኮት ሥር ቆምኩ።

አጎቴ፦ "አንድ ዓመት ብቻ ነው የምልሽ። እኔ ጋ ይማራል። አንቺም ትንሽ ትተነፍሻለሽ።"

እናቴ፦ "አንድ ዓመት።"

"ቶሎ ይሻልሻል። በየቀኑ ፊትሽ ላይ እየዋለ እንዴት ይሽርልሻል?"

"እሱን ባየሁ ቁጥር..." አለች እናቴ፤ ቀጥሎ መኪናው ተነሳ። በመኪናው ጩኸት ውስጥ እያወራች እንደሆነ ቀና ብዬ ሳይ ከንፈሯ ይታየኛል፤ አንድ ቃል አልሰማሁም።

ባየሁ ቁጥር ምን? ጋሼ ይታየኛል? ያስጠላኛል? ሳሙናውን ሳስረክባት "ተባረክ" አለችኝ።

ቀን 18፣ ሰኞ

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በረንዳ ላይ ጠርታ "እናትህ መልቀቂያህን ጠይቀዋል። ፎቶ ጎድሏል፤ ሁለት ይዘህ ና" አለችኝ። ምንም እንዳልሆነ ሰው "እሺ" አልኩ።

ቤት ስገባ እናቴ "ትምህርት እንዴት ነበር?" አለችኝ። "ጥሩ" አልኳት። ሁለታችንም ጎበዞች ነን።

ቀን 19፣ ማክሰኞ

ሱነማዊቷ ሴት። ልጇ ጭኗ ላይ ሞተ። ነቢዩን ልትጠራ ስትሮጥ መንገድ ላይ "ልጁ ደህና ነው?" ብለው ሲጠይቋት "ደህና ነው" አለች።

"ይህ እምነት ነው ብለህ ጻፍ" አለችኝ። ከዚያ የመርፌውን ክር አውጥታ እንደገና አስገባች። "አይ፣ ሰርዘው። እኔ አልችለውም ነበር።"

"ይህንንስ ልጻፈው?"

"ምኑን?"

"እኔ አልችለውም ያልሽውን።"

"አትጻፈው።"

እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ያቺ ሴት ያልሆነውን ነው የተናገረችው፤ ግን ማንም ውሸታም አላላትም። እናት ስለሆነች ነው?

ቀን 22፣ አርብ

ጃኬቱን አገኘሁት። ስፌት ክፍል፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሥር። ትከሻው ተተርትሯል። እጅጌው ሁለት ጣት ያህል ገብቶ በጠመኔ ተሰምሯል። እጄን አስገብቼ አየሁት፤ ልክ አንጓዬ ላይ ነው የቆመው። አንድ ቀን እንኳ ሜትር ይዛ አልቀረበችኝም። ሩቅ ሆና ስትለካኝ ነበር ማለት ነው።

ሐና ቤተ መቅደስ ለተወችው ልጇ በየዓመቱ ትንሽ ቀሚስ እየሰፋች ትወስድለት ነበር፤ በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። አጠገብ ላለ ልጅ እንዲህ በድብቅ አይሰፋም። ለሚሄድ ነው።

መልሼ እንደነበረ አጠፍኩት። እንደነበረ አልሆነም፤ እንደነካሁት ታውቃለች።

ቀን 26፣ ማክሰኞ

ርብቃ።

ዛሬ እናቴ ችኩል ነበረች። መኪናውን ሳታስነሳ ነው የተናገረችው፤ የተጠና ነገር ይመስላል። ርብቃ መንታ ነበሯት። ታላቁ ዔሳው፣ ታናሹ ያዕቆብ። ዔሳው ያዕቆብን ሊገድለው በዛተ ጊዜ እናቱ ወደ ወንድሟ ወደ ላባ ሰደደችው። "ሁለቱንም በአንድ ቀን እንዳታጣ ፈራች ብለህ ጻፍ። እናት አንድ ልጅ ሲቀራት ያንን ለማትረፍ የማታደርገው የለም ብለህ ጻፍ። በቃ።"

"በቃ?"

"በቃ።"

"ዔሳው ለምን ዛተ?"

"ሴቶቹ ያውቁታል።"

ራት ከበላን በኋላ ምዕራፉን ራሴ አነበብኩት። የዘለለችው ትንሽ አይደለም። ያዕቆብ ለታወረ አባቱ "እኔ ዔሳው ነኝ" ብሎ ዋሽቶ የወንድሙን በረከት ወሰደ። እናቴ ይህን ሁሉ ትታ ከመንገዱ ጀመረች። ለምን እንደተወችው አውቃለሁ። እኔ እየጻፍኩ መሆኑን ስላልረሳች ነው። የዋሸ ታናሽ ልጅ። የእናት ወንድም። ራዲዮ እንኳ ይህን አይስተውም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ያዕቆብ "አባቴ ቢይዘኝስ? ይረግመኛል" ብሎ ሲፈራ ርብቃ እርግማኑ በእኔ ላይ ይሁን አለችው። ይህንንም ዘላዋለች። ይህ እኮ እሷን ደግ ነው የሚያስመስላት። ለምን ትዘለዋለች?

ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ብዕሩም። ከሥር በዚያው ትልቅ ፊደል ጨመርኩበት፦

"ያዕቆብ ዋሽቷል። እናቱ ታውቃለች። ወደ አጎቱ የሰደደችው ለዚህ ነው።"

እስኪ ስታነበው ፊቷን ልየው። እስኪ ያኔም "ደህና ነው" ትበል።

ቀን 27፣ ረቡዕ

ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። አስቀድማ አታነብም፤ ዓይኗ ስለሚደክም።

አውጥቼ ልቀደው እችላለሁ። እሷ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ቦርሳው ወንበሩ ላይ ነው።

ተመለሰች።

ሴቶቹ ፊት? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቀን 28፣ ሐሙስ

ዕቃ ቤቷ ውስጥ ቆሜ በማይገጥመው በር ስንጥቅ አያለሁ። እናቴ እንደ ልማዷ እያንዳንዷን ቃል በጣቷ እየገፋች አነበበች። ሁለቱንም እንዳታጣ ፈራች። የማታደርገው የለም። ከዚያ ጣቷ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደና ቆመ።

በስንጥቁ የሚታየኝ የፊቷ ግማሽ ነው። አልተለወጠም። ከሴቶቹ አንዷ፣ ሹራብ ሠሪዋ፣ "ቀጥይ እንጂ እህቴ፣ ጽሕፈቱ አልታይ አለሽ?" አለቻት።

"ይታየኛል" አለች እናቴ።

እና አነበበችው። ሦስቱንም፤ ጮክ ብላ፤ ሌላውን ባነበበችበት ፍጥነት። ያዕቆብ ዋሽቷል። እናቱ ታውቃለች። ወደ አጎቱ የሰደደችው ለዚህ ነው።

አንዷ ሴት ከኋላ "አሜን" አለች፤ የሚባልበት ቦታ እንዳልሆነ ሲገባት ሳል ጀመረች።

እናቴ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ያለ ወረቀት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

"ይህን እኔ አላልኩም። ልክ ነው፤ ግን ይጎድለዋል። ልጁ ብቻውን አልዋሸም። የወንድሙን ልብስ ያለበሰችው እናቱ ናት። ሂድ ያለችው እሷ ናት። እርግማኑ በእኔ ይሁን ብላለች። ይህ ወረቀቱ ላይ የለም፤ የዘለልኩት እኔ ነኝ።"

ነርሷ አንገቷን ደፋች።

ወንበሮቹን ደርድሬ እስክጨርስ እናቴ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። ሌሎቹ ሄደዋል። አብረን እስከ ዳቦ ቤቱ ሄድን።

"ነርሷ ናት የነገረችሽ?" አልኳት።

"ምኑን?"

"እማ።"

"ነርሷ ምን ትነግረኛለች? 'ይተኛ በዪ' ብዬ በዓይኔ የጠቀስኳት እኔ ነኝ። ሆዱን የሚያመው ልጅ ፀጉሩን አበጥሮ አይተኛም።"

ቆምኩ። እሷ አልቆመችም፤ ተከተልኳት።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ማፈርህ ገባኝ። የክፍልህ ሴት ልጆች ጥቅል ተሸክመህ እንዳያዩህ። እኔም በልጅነቴ እንደዚያው አፍሬ አውቃለሁ። አሳዘንከኝ፤ ተወው አልኩ። እሱ ግን ገና መግባቱ ነበር፤ ላቡ አልደረቀም። እሱ አላሳዘነኝም። ለምን መሰለህ? እምቢ አይልማ። እምቢ የማይለውን ላክሁ።"

ይህን ሁሉ ወደ ፊት እያየች ነው የምትናገረው። ሦስት ወር ሙሉ ከእኔ ይልቅ ጋሼን ትወድ እንደነበር፣ የተረፍኩት የተሳሳተው ልጅ እንደሆንኩ ነበር የማስበው። ያዳላችው ለእኔ ነው። ይህን ከማወቅ ያኛው ይቀል ነበር።

"አንተን ባየሁ ቁጥር ያ ጠዋት ይመጣብኛል" አለችኝ። "ያንተ ውሸት አይደለም። የእኔ ዝምታ።"

"ለዚህ ነው የምትልኪኝ?"

በራችን ጋ ደርሰን ነበር። ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ስትፈልግ ቆየች። ከፍታ ቀድማኝ ገባች። ስለዚህ አሁንም አላውቅም። ሻንጣ ከአልጋዬ ሥር አለ፤ ቅዳሜ አጎቴ ይመጣል።

ቀን 30፣ ቅዳሜ

አጎቴ የስምንት ሰዓቱን አውቶቡስ ሁለት ቲኬት ቆርጦ ነው የመጣው። ሳይቀመጥ "ሻንጣው የታል?" አለ።

"የሚወጣ ሻንጣ የለም" አለች እናቴ።

"እንዴት የለም? ተነጋግረን አልነበረም እንዴ? አንድ ዓመት ብቻ ነው እኮ።"

"ርብቃም ጥቂት ቀን ብላ ነበር። ሃያ ዓመት ፈጀ። ሲመለስ አየችው የሚል የትም አልተጻፈም፤ ትናንት ከኋላ እስከ ፊት ፈለግሁት።"

"ርብቃ ማን ናት? ያቺ ሹራብ የምትሠራው?"

እናቴ ሳቀች። ያልታሰበ ሳቅ ነበር፤ ራሷንም አስደነገጣት፤ አፏን በእጇ ያዘች።

"እየቀለድሽ ነው" አለ አጎቴ። "ልጁ ፊት ፊትሽን እያየ፣ አንቺ ፊት ፊቱን እያየሽ፣ ልትባሉ ነው።"

"ልጄ ነው። እዚሁ እንባላለን።"

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ? ምላስ የለህም?"

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም። ሌላ ነገር ልመልስለት ነበር፤ እቆያለሁ ወይም እሄዳለሁ። ከአፌ የወጣው ግን "ያን ቀን ሆዴን አላመመኝም ነበር" የሚል ነው። በእናቴ ድምፅ አዳራሽ ውስጥ ተነቧል፤ በእኔ ድምፅ ግን የመጀመሪያው ነው። ደብተሩ ላይ እንኳ በግልጽ አልጻፍኩትም።

አጎቴ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። እጁ ሲነሳ አየሁት፤ የሚመታኝ መሰለኝ። እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ "አውቄ ነው የላክሁት" አለችው። "መምታት ካማረህ ከእኔ ጀምር።"

እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋበት። መጨረሻ ላይ ግንባሩን ጠረገበት። ቁጭ አለና ረጅም ጊዜ ጫማውን አየ። "ያ ልጅ" አለ፤ "ያ ልጅ እኮ እኔ ስመጣ ቦርሳዬን ሳልሰጠው ነበር የሚቀበለኝ።" ሦስታችንም አለቀስን፤ በየተራ፣ እንደ ሰልፍ።

አውቶቡስ ጣቢያው ድረስ ሸኘሁት። የእኔን ቲኬት ሊመልስ ሞከረ፤ አልተቀበሉትም። ባዶው ወንበር ላይ ቦርሳውን አስቀመጠ። በመስኮት አየኝ እንጂ እጁን አላወዛወዘልኝም። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም።

ስመለስ እናቴ ደጅ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች።

"ቆየህ" አለችኝ።

"ሃያ ደቂቃ አይሞላም እኮ።"

"ቆየህ አልኩህ!" ብላ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸችብኝና ክርኔን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችኝ።